የደንቡ አፍ የነበረው ሶፋ ሠሪ

ጎልማሶችን የሚያስተምረው መምህራችን «ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉ» አለን። ሌሎቹ ስለ ትልልቅ ሰዎች ጻፉ። እኔ ትልቅ ሰው አላውቅም። የማውቀው ባለቤቴን ነው፤ እሱንም ቢሆን አውቀዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ለመናገር እፈራለሁ። ስህተት ካለበት ይቅርታ፤ እንደመጣልኝ ነው የጻፍኩት።

ባለቤቴ ሶፋ ሠሪ ነው። የሰው መቀመጫ ሲሠራ ዕድሜው አለቀ፤ እሱ ራሱ ግን ተደላድሎ ሲቀመጥ ያየው የለም። ምሳ ሲበላ እንኳ አንድ እግሩ ወደ በሩ ዞሮ ነው። ሰፈሩ «ወዲያ ወዲህ» የሚል ስም አውጥቶለታል። እናቴ ደግሞ፣ የእሷ ምላስ አያርፍም፣ «ልጄን ለነፋስ ዳርኳት» ትላለች። እዚያው እሱ ፊት ነው የምትለው። እሱም ይስቃል። ሲሠራ ትንንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ስለሚይዝ ሳቁ በአፍንጫው ነው የሚወጣው።

ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ስፖንጁ ተደራርቦ ጣራ ይነካል፣ ሙጫው ይሸታል፣ የጨርቅ ቁራጭ እስከ መኝታችን ይከተለናል። በጓሮ በር ሲወጣ መንገድ አለ። ከመንገዱ ማዶ ጅረት አለ፤ የጅረቱ ዳርና ዳር ሸምበቆ ነው። የሰፈራችን ጉድጓዶች ውሃ የሚይዙት ሸምበቆው ስላለ ነው ይባላል። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። የማውቀው ከታች ባለው ሰፈር ሸምበቆው ተመንጥሮ አልቆ ጉድጓዱም እንደደረቀ፣ ሴቶቹም ጀሪካን ይዘው እኛ ዘንድ እንደሚመጡ ነው።

ሸምበቆው ደንብ አለው። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ተጽፎ የተቀመጠም አይደለም። ፍሬው ሳይረግፍ አይቆረጥም። ሲቆረጥም መሃሉ አይነካም፣ ወፍ የሰፈረበትም አይነካም። ከሥሩ አፈር ሆነ አሸዋ በምንም ጊዜ አይወጣም፣ አውጪው የሰፈር ሰው ሆነ የውጭ። እንዲህ ያለው ነገር ሌላም ቦታ ይኖር ይሆናል። የእኛ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ደንቡን በሰው ፊት የሚናገረው ሽማግሌ አይደለም፤ የተማረ ሰውም አይደለም። መጨረሻ ላይ ደንቡን ያፈረሰው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ያለጊዜው ቆርጦ ሲገኝ ሰዉ ጅረቱ ዳር ተሰብስቦ ይዳኘዋል። ቅጣቱ ቆረጣ እስኪከፈት ድረስ ሰው እያየው ከሸምበቆው ውስጥ ቆሻሻ መልቀም ነው፤ ፌስታል፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተገኘውን ሁሉ። ሲጨርስ ይታረቃል። ከታረቀ በኋላ «የደንቡ አፍ» ይባላል። በየዓመቱ ቆረጣ ሲከፈት ጅረቱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው እሱ ነው። ሌላ ሰው ሲያጠፋም ቤቱ ሄዶ በር የሚያንኳኳው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ያየውን ለእሱ ይነግራል እንጂ ራሱ ሄዶ አይከስም። በሩ የተንኳኳበት ሰው ተዳኝቶ ሲታረቅ አፍነቱ ወደዚያ ሰው ያልፋል። የድሮውም ያርፋል።

ባለቤቴ አፍ የሆነው ልጃችን ጡት ሳትጥል ነው። ዛሬ ቁመቷ እኔን አልፏል። ጀርባው በሸምበቆ የተጠለፈ ሶፋ የሚፈልግ ደንበኛ መጣ፤ ደንበኛው ቸኮለ፣ ባለቤቴም አብሮት ቸኮለ። በጠራራ ፀሐይ እሽጉን ተሸክሞ መንገድ ሲሻገር ነው የተያዘው። መደበቅ እንኳ አልቻለበትም። ተዳኘ፣ ለቀመ፣ ታረቀ። ድንጋዩ ላይ የቆመ ቀን ድምፁ አልወጣ አለ። ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከታች ሆነው «ሚስማሩን ዋጥከው እንዴ?» አሉት። ሰዉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ትንሽ ወጣለት።

ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር ያው እሱ ነው። ቆረጣ ሊከፈት ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣል፣ ይከሳል። ሌላ አጥፊ ስላልተገኘ ሸክሙን የሚረከበው ጠፋ። ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ጅረቱን ይዞራል፣ ተመልሶ ሻይ ይጠጣል፣ ሻዩን ሳይጨርስ ደግሞ ይወጣል። ሰፈሩ ግን ኮራ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እኛ ዘንድ ከሶፋ ሠሪው ወዲህ ደንብ ያፈረሰ የለም» ይባላል። ይህ ሲባል ባለቤቴ አንገቱን ይደፋል። እኔ ዓይን አፋር ሆኖ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ብሎኬት አምራች ከመንገዱ በላይ ሥራ ከፈተ። ክፉ ሰው አይደለም። ዝናብ ሲይዘን በመኪናው ይጭነናል። ግን አሸዋ ያስፈልገዋል፤ ጥሩ አሸዋ ያለው ደግሞ ከሸምበቆው ሥር ነው። ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ አመለከተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቢሮው አንዲት ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት። ሱቃችን ገብታ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጋሼም መጡ፣ እናቴም መጣች፣ ደጁ በጎረቤት ተሞላ።

«የአካባቢውን ሰው ደንብ ቢሮው ያከብራል» አለች ባለሙያዋ። «መመሪያውም ይፈቅዳል። ግን ደንቡ በሥራ ላይ ያለ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ የተቀጣው ሰው ማነው?»

«እሱ ነዋ» አሉ ጋሼ ወደ ባለቤቴ እያመለከቱ። «ከእሱ ወዲህ አንድም የለም። ሕዝባችን ጨዋ ነው፣ ልጄ።»

ባለሙያዋ ደስ አላላትም። «መቼ ነው ይሄ?»

«ልጃቸው ጡት ላይ ነበረች» አለች እናቴ። «አሁን ይቺውልሽ፣ ዝሆን ታክላለች።»

«እማማ፣ ለእናንተ ይሄ ኩራት ነው። ለብሎኬት አምራቹ ግን መከራከሪያ ሆኖለታል። ይህን ያህል ዓመት ማንንም ያልነካ ደንብ ደንብ ሳይሆን ወሬ ነው ብሏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኃላፊዬም ወደዚያ አዘንብለዋል። ሐሙስ እናንተንም እሱንም ይሰማሉ። ከእናንተ ማን ይናገራል?»

ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞረ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። የሰው ጨርቅ ገልብጦ ሰፋ፤ የውስጡ ውጭ፣ የውጩ ውስጥ ሆነ። ፈታው። መልሶ ገልብጦ ሰፋው። መዶሻውን ይዞ መዶሻ ይፈልጋል። ጅረቱ ዳር ይሄዳል፣ ወደ እናቴ ቤት ጥቂት ይራመዳል፣ ይመለሳል። ልጃችን «አባዬ፣ እግርህ ሞተር አለው እንዴ?» አለችው። አልሳቀም።

እሁድ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ኩሽና ገባ። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ለእኔ ማውራት ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔም ቀና ብዬ አላየውም፣ ካየሁት ይተወዋል።

«ደንቡ ሞቶ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሰው አግኝቼ አውቃለሁ። አንኳኩቼ አላውቅም።»

ቢላው እጄ ላይ ቆመ። ቀስ እያለ ነገረኝ። መጀመሪያ ያገኛቸው ሰዎች ሰፈሩን ለቀው ሄደዋል። ሲያገኛቸው አሳዘኑት፣ ዝም አለ። ድንጋዩ ላይ መቆም ምን እንደሆነ እሱ ያውቀዋል፤ በሌላ ሰው ላይ መጫን ከበደው። እኔ ይዤው ልቆይ አለ። በኋላ ደግሞ ካቻምና...

«ካቻምና ማን?» አልኩት።

«እናትሽ።»

የእናቴ የዶሮ ቤት ከለላ ተሰብሮ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ማጭድ ይዛ፣ ፍሬው ገና ሳይረግፍ፣ አረንጓዴውን ሸምበቆ አጭዳ እሽጉን ስትሸከም አይቷታል። እሷ አላየችውም። ወደ ኋላ ተመለሰ።

«እናትሽ ናት» አለኝ። «በሷ ዕድሜ ሰው እያየ ፌስታል ትልቀም? ሐሙስ ከእኔ ወዲህ ማንም የለም ካልኩ ውሸት ነው፤ ሸምበቆውም ይሄዳል። አለ ካልኩ ማነው ይሉኛል።»

እኔ መጀመሪያ «ተወው» አልኩት። አፌ ነው ያለው። እናቴ ናት። ሰፈሩን በምላሷ የምታስተዳድር ሴት ጎንበስ ብላ ቆሻሻ ስትለቅም ታየኝ። ቀጥሎ ደግሞ ከታች ሰፈር የሚመጡት ሴቶች ከነጀሪካናቸው ታዩኝ። ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠልኩ። ዓይኔ አነባ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«እንጃ» ብሎ ወጣ። መንገዱን ተሻገረ፣ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት የታጠበ ሸሚዝ ለበሰ። ገባኝ። እኔም የእናቴን ሳህን ልመልስ ብዬ ተከተልኩት። ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ሰበብ ነው።

የእናቴ ቤት ከእኛ ከፍ ብሎ ነው። በሯ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ክረምት ሆነ በጋ ክፍት ነው። እናቴ ዶሮ ቤቱ ሥር ትጠርግ ነበር። ባለቤቴ ወለል ብሎ የተከፈተው በር ላይ ቆሞ በጣቱ አንኳኳ።

«ምን ሆነሃል? ክፍት አይደለም እንዴ፣ ግባ» አለች።

«አውቃለሁ፣ እማማ። ማንኳኳት ስላለብኝ ነው።»

መጥረጊያው ቆመ። እናቴ ቀና ብላ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የያዝኩትን ባዶ ሳህንም አየች።

«የዶሮ ቤቱ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ማን ነገረህ?»

«ራሴ አይቼዎታለሁ። ያኔውኑ።»

«ያኔውኑ» አለች። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «ያኔ አይተህ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ስትመጣ፣ ምሳዬን ስትበላ፣ ዝም። ለምን?»

«አሳዘኑኝ።»

«አሳዘንኩት» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ሰማሽ? እኔ አሳዘንኩት። ነፋሱ አዘነልኝ።» ተነሳች። የዶሮ ቤቱን ከለላ በመዳፏ መታችው። ከሸምበቆው ቢጫ ዱቄት ረገፈ። «እየው። ያለጊዜው የተቆረጠ ሸምበቆ ነቀዝ አይለቀውም። ካቆምኩት ጀምሮ በየጠዋቱ ይኼን ዱቄት እጠርጋለሁ። አንተ ያዘንክልኝ መስሎሃል፤ እኔ ግን ስጠርግ ነው የኖርኩት። በሬን ለምን ክፍት የምተወው ይመስልሃል?»

ባለቤቴ ዞሮ በሩን አየ።

«እንዳይንኳኳ ነው» አለች። «በሩ ተዘግቶ ኳ ባለ ቁጥር ልቤ ይወድቅ ነበር። ከፍቼው ተገላገልኩ።»

ከዚያ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችኝና «ባዶ ሳህን ነው እንዴ የሚመለሰው፣ ማን ነው ያሳደገሽ?» አለችኝ። ያኔ ትንሽ ተነፈስኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ጅረቱ ዳር ተሰበሰበ። እናቴ ራሷ ተናገረች፤ ምንም አልደበቀችም። ቅጣቷ እንደማንም ሰው ሆነ። ጋሼ ሊያስነሱን ሲሉ አንዲት ሴት «አፉስ?» አለች። «አፉ አይቶ ዝም አለ እኮ። የእሱስ ምንድነው?»

ማንም አላወቀም። ደንቡ ውስጥ የለም። አፍ የሆነ ሰው ከሸክሙ ለመገላገል ይቸኩላል እንጂ ይዞት ይቆያል ብሎ ያሰበ የለም። ክርክር ሆነ። አንዱ ይተው አለ፣ አንዱ የእሱ ቅጣት ይባስ አለ። ባለቤቴ መቆም አልቻለም፤ በአንድ እግሩ፣ በሌላው እግሩ ይቀያይራል። መጨረሻ ላይ ጋሼ ተነስተው «ዝም ያለ አፍ ካጠፋው ሰው ጋር እኩል ይለቅማል» አሉ። የተቃወመ አልነበረም። «ደንቡ ላይ ጨምረው» አሉት ባለቤቴን፤ «እስክትወርድ ድረስ አፉ አንተ ነህ።»

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱም ቦቲ ጫማ አድርገው ገቡ። እኔ ከጓሮ በር ሆኜ አያለሁ። እናቴ አጎንብሳ እየለቀመች «ያንን ጠርሙስ ዘለልከው፣ ሶፋ ብቻ ነው የሚታይህ?» ትለዋለች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ያፈረችም እንደሆነ አላሳየችም። እሱ ግን ጀርባው ቀለል ብሎት ነበር። እኔ አውቀዋለሁ፤ ጀርባውን ነው ብዙ ጊዜ የማየው።

ሐሙስ ቢሮ ሄድን። ረጅም ጠረጴዛ ነው፣ ወንበሮቹ ስፖንጃቸው አልቋል። ባለቤቴ ሲቀመጥ በእጁ ሲዳስሰው አየሁት። ኃላፊው ወዲያ፣ ባለሙያዋ አጠገባቸው፣ ብሎኬት አምራቹ ከፊታችን። እናቴ ጥቁር ፌስታል ይዛለች። ምን እንደያዘች አልነገረችንም።

ብሎኬት አምራቹ በትሕትና ነው የተናገረው። «እኔ ጎረቤቶቼን አከብራለሁ» አለ። «ግን ይኼ የማክሰኞ ፍርድ ለዛሬ የተዘጋጀ ነው። ማመልከቻዬ ባይኖር እኚህ እናት አይዳኙም ነበር።»

ያለው ልክ ነው፤ ማመልከቻው ባይኖር ባለቤቴ አያንኳኳም ነበር።

እናቴ ተነስታ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። የዶሮ ቤቱ ሸምበቆ ነው። በሁለት እጇ ሰበረችው፤ እንደ ብስኩት ነው የተሰበረው፣ ዱቄቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «ልጄ» አለችው፣ «ነቀዙ ያንተን ማመልከቻ አልጠበቀም። ካቻምና ቆርጬ ካቻምና መብላት ጀመረ። ፍርዱ ዘገየ በለኝ፣ እሺ። ጥፋቱ የለም አትበለኝ። ጥፋት መሆኑን አውቄው ነው በጎሕ የሄድኩት። ደንቡ ወሬ ቢሆን ኖሮ በጠራራ ፀሐይ አልሄድም ነበር?»

ኃላፊው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ደንቡን ተናገር እስቲ።»

ባለቤቴ ቆመ። እጁ ወደ ከንፈሩ ሄደ፣ ሚስማር ፈለገ፣ የለም። ከዚያ ጀመረ። ፍሬው፣ መሃሉ፣ ወፉ፣ አፈሩ፣ አሸዋው፣ የሰፈሩ ሰው፣ የውጩ ሰው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሳይደነቃቀፍ ሄደ። መጨረሻ ላይ ቆም አለና «ዝም ያለ አፍ ካጠፋው ሰው ጋር እኩል ይለቅማል» አለ። «እኔ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። አሁን እየለቀምኩ ነው።» ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦቲው የበላው ቁስል አለ። ሊያሳይ አስቦ ይሁን አሳክኮት ይሁን አላውቅም።

ባለሙያዋ ብዕሯን አነሳች። «ይኼ የመጨረሻው ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው?»

«የለም» አለ። «ማክሰኞ ነው የተጨመረው።»

ባለሙያዋ ወደ ኃላፊዋ ዘንበል ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ኃላፊው ዱቄቱን በጣታቸው ነኩት፣ አሸተቱት፣ በመሐረብ ጠረጉት። «አሁን ውጭ ጠብቁ» አሉን።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ባለቤቴ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ ብሎኬት አምራቹም ከዚያኛው ጫፍ ይመላለሳል፣ መሃል ላይ ሲገናኙ ይተላለፋሉ። እናቴ «አንዳችሁ እንኳ ተቀመጡ፣ አዞራችሁኝ» አለች። ማንም አልተቀመጠም።

ሸምበቆው ያለበት ዳር ሁሉ ከአሸዋ ማውጫው ፈቃድ ውጭ ሆነ። ባለሙያዋ ወጥታ ነገረችን፤ ቆረጣ ሲከፈት ቢሮው ሰው ልኮ ደንቡ ሲነገር እንደሚሰማም ጨመረች። ብሎኬት አምራቹ አሁን ከሩቅ ነው አሸዋ የሚያመጣው። ለጥቂት ጊዜ ሰላምታ ቀነሰብን። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መኪናውን አቆመልን።

ቆረጣው ሲከፈት እናቴ ድንጋዩ ላይ ቆመች። የእሷ ድምፅ መቼም ሚስማር አይውጥም፤ ከታች ሰፈር ድረስ ተሰማ። ግን ወፉን ዘለለችው። አጠገቤ ያለው ባለቤቴ ትከሻው ተንቀሳቀሰ። አፍ አይደለም አሁን፣ መናገር አይችልም። ኪሱን ዳሰሰ፣ ሚስማሮቹን አወጣ፣ እፍኝ ሙሉውን በከንፈሩ ያዘ። እናቴ ከላይ አየችው። ቆመች። «ወፍ የሰፈረበትም አይነካም» አለች። «ይኼን ነፋስ ነው ያስታወሰኝ።» ሰዉ ለምን እንደሳቀ ከቢሮ የመጣችው ባለሙያ አልገባትም መሰለኝ።

ባለቤቴ አረፈ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም ጎሕ ሲቀድ ይነሳል። ያንተ አይደለም እኮ እለዋለሁ። «አውቃለሁ፣ እናትሽ ተነስታ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ይለኛል፤ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል።

እናቴ ግን በሯን መዝጋት ጀምራለች። የዶሮ ቤቱን ከለላ በወቅቱ በተቆረጠ ሸምበቆ አድሳዋለች፤ ጠዋት የምትጠርገው ዱቄት የለም። ስንሄድ እናንኳኳለን። ቶሎ አትመጣም፤ ውስጥ ስትንጎዳጎድ ይሰማናል።

«ማነው?» ትላለች።

«ነፋሱ ነው፣ እማማ» ይላል ባለቤቴ፤ እስክትከፍትለት ድረስ በአንድ እግሩ፣ በሌላው እግሩ እየቀያየረ ይቆማል።